ጋሽ ኢንጂነርና የውሸት ዓሦች

የጎረቤት መብራት ሲጠፋ ፊቱ የሚበራ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሁለት ከሆኑማ የዚያን ሰፈር ነገር ተዉት። ሐይቁ ዳር ያለው ሰፈር ደግነቱ በአንድ ተገላግሏል፤ እሳቸውም ክቡር ጋሽ ኢንጂነር ናቸው። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ኢንጂነርነቱን በየት በኩል እንዳገኙት እስካሁን የደረሰበት የለም፤ ምናልባት ለሌላ ሰው የተላከ ይሆናል።

ምርመራቸው አንድ ነው። ፍሪጅ አልቀዘቅዝ አለ? «ግራውንዱ ነው!» የፀጉር ቤቱ ማሽን ደንበኛ ነዘረ? «ግራውንዱ ነው!» ልብስ ሰፊው ወገቡን ቢያመው እንኳ ከላይ እስከ ታች አይተውት «ጫማህን አውልቀህ መሬት ላይ ቁም» አሉት፤ ያው ግራውንድ፣ ከመሬት መገናኘት፣ መሆኑ ነው። እሳቸው የነካኩት ዕቃ አይሠራም ማለት ግን ሐሜት ነው። የነርሷ የበር ደወል ዛሬም ይሠራል፤ የሚጮኸው ፍሪጁ ሲነሳ ነው እንጂ። ነርሷም በቀን አሥር ጊዜ በሩን ከፍታ ከነፋስ ጋር ሰላምታ ትለዋወጣለች።

ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የእሳቸውን ደግነት አብዝታ የቀመሰችው ግን ዓሣ አስጋሪዋ ናት።

ጀልባዋ የአባቷ ነበረች። አባትየው ሲሞቱ ለእሷና ለታላቅ ወንድሟ እኩል ደረሰች። እሷ ትሠራባታለች፤ ወንድሟ ቢሮው ተቀምጦ «እንሽጣት» ይላል። ዘንድሮ ዓሣው ወደ ጥልቁ ስለወረደ ያለ ዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ መረብ መጣል ልፋት ብቻ ነው። መሣሪያው ድምፅ ወደ ታች ይልክና ነጥሮ የተመለሰለትን ስክሪኑ ላይ ይስላል። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ግን ስክሪኑ ሰሊጥ የተደፋበት መሰለ። ጀልባዋ ዳር ታስራ፣ ውሃው ጉልበት ሳይደርስ፣ መሣሪያው ዓሣ ይቆጥራል። እሱ እንደሚለው ቢሆንማ ሐይቁ ውስጥ ለውሃ የሚተርፍ ቦታ አልነበረም።

መረቡ ባዶውን ሲመላለስ ወንድሟ ቀን ቆረጠ። «እሑድ ጠዋት አብሬሽ እወጣለሁ። ጤነኛ ከሆነች አፌን እዘጋለሁ፤ አርጅታ ከሆነ ግን ትሸጣለች፣ በቃ።»

ጋሽ ኢንጂነር ይህን ሲሰሙ ሳይጠሩ ከተፍ አሉ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳና አንድ ሙሉ ጥቅል ናስትሮ ይዘዋል። ናስትሮ ሳይጠቀልሉበት የሚለቁት ነገር የለም፤ መነጽራቸውን ሳይቀር።

«ልጄ፣ ገና ከዳር ሳያት አውቄዋለሁ። ግራውንዱ ነው!»

«ሳይከፍቱት ጋሼ?»

«ከፍቶማ ማንም ያውቃል።»

ሦስት ቀን ሙሉ ከፈቱ፣ ገጠሙ፣ ፈቱ። የመሣሪያውን ገመድ ከሞተሩ ገመድ አራቁት፤ እውነት ለመናገር ይህ ደህና ባለሙያም የሚያደርገው ነው፤ ሰሊጡ ግን ንቅንቅ አላለም። ሞተሩን አጥፊ አሉ፣ አጠፋች። መብራቱን አጥፊ፣ አጠፋች። ውሃ የሚተፋውን ፓምፕ አጥፊ፣ አጠፋች። በመጨረሻ «እስቲ አንቺም ትንሽ ራቅ በይ» አሏት፤ ራቀች። የሦስት ቀኑ ትርፍ መብራት ሲበራ አብሮ የሚነሳ ፓምፕ ሆነ።

«አይምጡብኝ» ማለት አቅቷት አይደለም። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ጠዋት ስትወጣ ዳር ላይ ቆሞ «ስልክሽን እንዳትዘጊ» የሚላት፣ እስክትመለስም ዳር ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የማይነሳ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው በፓምፕ ምክንያት አያባርሩትም።

እሑድ ደረሰ። ጋሽ ኢንጂነርን የጋበዛቸው የለም፤ ወንድምና እህት ሲመጡ ግን ጀልባዋ ላይ ቀድመው ተቀምጠው ነበር። ጥልቁ ጋ ደርሰው ሞተሩን አጠፋች፣ መሣሪያውን አበራች። ሰሊጥ።

«ይኸው ነው?» አለ ወንድሟ ሰዓቱን እያየ።

መቀመጫውን አንስታ ከባትሪው የሚወጡትን ገመዶች በጣቷ አንድ በአንድ ትከተል ጀመር። አንዱ ወደ ሞተሩ፣ አንዱ ወደ መብራቱና ፓምፑ፣ አንዱ ወደ መሣሪያው። አራተኛ ግን ነበረ። ማጥፊያ የለው፣ ምን የለው፣ ከባትሪው በቀጥታ ተነስቶ ወደ ስልክ ቻርጀሯ ይሄዳል። ክንድ የሚያህል ናስትሮ ተጠቅልሎበታል። ጋሽ ኢንጂነር «ስልክሽ ባትሪ እየጨረሰ እኔን ሐሳብ ጨረሰኝ» ብለው ከጥቂት ሳምንታት በፊት በስጦታ የገጠሙላት ነው። ሁሉን ሲያስጠፉ ሳይጠፋ የቀረ እሱ ብቻ። የገዛ እጁን ሥራ ማን ይጠረጥራል?

ነቀለችው። ሰሊጡ ድራሹ ጠፋ። የሐይቁ ወለል ቀጭን መስመር ሆኖ ወጣ፤ ከበላዩ ስድስት ሰባት እውነተኛ ዓሦች ረጋ ብለው ያልፋሉ።

«ምንድን ነበር?» አለ ወንድሟ።

ቀና ብላ ጋሽ ኢንጂነርን አየቻቸው። ናስትሯቸውን ለይተውታል፤ ፊታቸው ዐመድ መስሏል። አንጀቷን በሉት።

«ግራውንዱ ነበር» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«አላልኩሽም!» አለ ወንድሟ። «ገመዷ ሁሉ በስብሷል ማለት ነው። ዛሬ ብትጠግኛት ነገ ይብስባታል። ሰኞ ገዢ አመጣለሁ።»

ወይ ጣጣ! የሽማግሌ ፊት አድናለሁ ብላ የአባቷን ጀልባ ልታጣ ነው። እንዳታስተባብል ውሸታም ልትሆን፣ ዝም እንዳትል ጀልባዋ ልትሄድ ሆነ።

ጋሽ ኢንጂነር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ግራውንዱ አይደለም» አሉ።

ወንድምየው ዘወር አለ።

«እኔ የገጠምኩላት ቻርጀር ነው የረበሸው። ገመዱን ሦስት ቀን ፈትቼ አይቼዋለሁ፤ አባታችሁ እንደዘረጋው አለ፣ አንድም የበሰበሰ የለበትም። ጀልባዋ ጤነኛ ናት። ያበላሸኋት እኔ ነኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ኤሌክትሪክ አልችልም፣ ልጆቼ። የማውቀው ደብዳቤ ነው።»

ወንድምየው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ አጠፈና እጅጌውን ሰበሰበ።

«መረቡ የሚጣለው በየት በኩል ነው?» አለ።

እሷ የሽማግሌውን ግንባር ብትስም ደስ ባላት፤ ጀልባዋ እየተወዛወዘች አላስቆም አለቻት። ላይፍ ጃኬታቸውን ለካ ገልብጠው ነበር የለበሱት። አወለቀችላቸው፣ አቃንታ አለበሰቻቸው፣ ማሰሪያዎቹንም አንድ በአንድ አጠበቀችላቸው። ጋሽ ኢንጂነርም እጃቸውን አንስተው፣ አንዳች ማብራሪያ ሳይሰጡ፣ እስክትጨርስ ጠበቋት።