ቢራ ስብ የለውም

አንዳንድ ቃላት ከሐኪም ቤት ሾልከው ይወጡና ከተማ ውስጥ ትዳር ይመሠርታሉ። ኮሌስትሮል እንዲህ ያለ ቃል ነው። እኔ በነርስነት ጋምቤላ ስመደብ ሰው የሚፈራው ወባን ነበር። ወባ ቢያንስ ታንቀጠቅጣለች፣ መምጣቷን ትናገራለች። ኮሌስትሮል ግን አይታይም፣ አያምም፣ አያተኩስም፤ ስለዚህ ሁሉም እንዳሻው ይተረጉመዋል። ሠርግ ቤት ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ከክትፎው አንድ ጉርሻ ብቻ ቀምሶ «ሐኪም ከልክሎኛል» የሚል ሰው አይጠፋም። የሚፈልገው አዘኔታ እንዳይመስላችሁ። ክብር ነው። ኮሌስትሮል አለበት ማለት በልቶ የኖረ ሰው ነው ማለት ነዋ!

ጎረቤቴ ዘውዱ ይህ ክብር ከደረሳቸው አንዱ ነው። ዘውዱ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛ ሻንጣ ይመዝናል፤ ከሚዛን ጋር ስለሚውል ነው መሰለኝ ልኩን ያለፈ ነገር አይወድም። ታዲያ አንድ ቀን ተመርምሮ «ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል» ተባለና እቤቱ ገብቶ አዋጅ አወጀ። ቅቤ ተከለከለ። እንቁላል ተከለከለ። ከባሮ ወንዝ የሚመጣው ሰባ ያለ ዓሣ ሳይቀር ከደጅ ተመለሰ። አዋጁ የራሱን ሆድ ብቻ የሚመለከት ቢሆን ኖሮ ማንም ጉዳዬ ባላለው፤ ሚስቱ ትርንጎ ግን ነፍሰ ጡር ነበረች።

ልጁን ምን ያህል እንደጠበቁት ግቢው ሁሉ ያውቃል። ሰው «እስካሁን?» እያለ ሲጠይቃት ትርንጎ የሳቀችውን ሳቅ እኔ ነኝ የማውቀው። እና ዘውዱ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሚያደርገው ቢጠፋው ነው። ሁሉንም ከከለከላት በኋላ አዘነላትና አንድ ነገር ፈቀደላት፤ ምሳ ላይ ጥቁር ቢራ። ደም ይሆናል፣ ወተት ያመጣል ብለው ሰዎች ነግረውታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቢራ ስብ የለውም።

እኔ የምሠራው የእርግዝና ክትትል ክፍል ነው። ትርንጎ ግን ጎረቤት እንዴት ሆዴን ያየኛል ብላ ሌላ ቦታ ነበር የምትከታተለው። ስለዚህ ነገሩን የደረስኩበት አንድ እሁድ ለምሳ ሲጠሩኝ ነው። ጎመን በዘይት ቀርቧል፤ እሷም ዘይቱ ለስሙ ጠብ ያለበትን ጎመን እየበላች ቢራዋን እንደ መድኃኒት ፊቷን አጨማዳ ትጎነጫለች። እኔም የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ።

ቀስ ብዬ ጀመርኩ። የሰው አንጎል ራሱ ከውሃው ሌላ ብዙው ነገሩ ስብ እንደሆነ፣ ይህ የሚያሳድዱት ኮሌስትሮልም እዚያ ተከማችቶ እንደሚገኝ፣ ፅንሱ ለአንጎሉ የሚያስፈልገውን እዚያው እየሠራ በልክ በልኩ እንደሚይዘው ነገርኳቸው። የሚያድጉት ሴሎች ግድግዳቸውን የሚያቆሙት፣ እርስ በርስ የሚገናኙትም በእሱ ነው። አልኮል ሲደርስባቸው ግን ሚዛኑ ይዛባል፤ በምርምር እንደታየው ሴሎቹ የያዙትን ኮሌስትሮል ወደ ውጭ ማስወጣት ይጀምራሉ አልኳቸው።

ዘውዱ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ። ፊቱ በርቷል።

«ቢራ ኮሌስትሮል ያስወጣል?»

«ከፅንሱ አንጎል እኮ ነው የምልህ።»

«እሺ፣ እሱስ ገባኝ። ለትልቅ ሰውስ?»

መልስ ሳልሰጠው ትርንጎ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዘውዱ ዞሮ አያትና ፊቱ ላይ የበራው ነገር ጠፋ። «እስከ ዛሬ የጠጣሁትስ፣ ሲስተር?» አለችኝ።

የሙያዬ ከባዱ ነገር መርፌ መውጋት ሳይሆን እንዲህ ያለውን ጥያቄ መመለስ ነው። ምንም አይልም ብላት ውሸት ነው፤ ጎድቶታል ብላትም ውሸት ነው፤ የሚያውቅ የለም። ያልኳት ይህንኑ ነው። ከዛሬ ጀምሮ መተው ግን በእርግጥ እንደሚጠቅም ነገርኳት። ቢራውን ይዞ ወጥቶ ደጅ የደፋው ዘውዱ ነው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ሙቀቱ ነው አለ፤ እኛም ሙቀቱ ነው አልን።

በማግስቱ የሆነውን ገምቱ። ቅቤ በቆርቆሮ፣ እንቁላል በትሪ፣ ዓሣው ደግሞ ጭራው ከዘንቢል ወጥቶ እየተወዛወዘ ገባ። ለአንጎሉ ነው! የምትበላው ቅቤ ተነሥቶ ፅንሱ ጭንቅላት ውስጥ እንደማይገባ ማስረዳት ቢራውን ከማስተው ይልቅ ከበደኝ። በመጨረሻ ትርንጎ ራሷ እንቁላሉን ተቀበለች፣ ቅቤውን ለጎረቤት አከፋፈለች። እኔም ደረሰኝ፤ አልቃወምም።

ሊዲያ በሰላም ተወለደች። ሁሉም ነገር በጊዜው ሆነ፤ ዳኸች፣ ቆመች፣ ሄደች። አትናገርም እንጂ። እኩዮቿ «እማ፣ አባ» ሲሉ እሷ የራሷን ድምፅ ታሰማለች፤ ከሁሉ የምታዘወትረው «ፒ» የሚለውን ነው። ወላጆቿ «ፒፒ» ልትል ነው፣ ሽንቷ መጣ ብለው እየሮጡ ፖፖ ላይ ያስቀምጧታል። እሷም ፖፖው ላይ ሆና ታለቅሳለች። ሐኪም አይቷት ጊዜ ስጧት ብሏል፤ ትርንጎ ግን ስለዚያ ቢራ አንድም ቃል ሳትናገር ከሳች። ዘውዱም የእሷን መክሳት እያየ ከሳ፤ ልጅቷ ፊት በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ እየጠቆመ ስሙን ሲጠራላት ይውላል። ለሰው ግን አይናገሩም፤ ነውር መሰላቸው። ትርንጎ ሥራዋን ከጀመረች ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ሊዲያን ለምትይዝላት ለአቻን እንኳ አልተናገሩም። አቻን የግቢያችን ሰው ናት፤ ጠዋት ጠዋት የምታስተምር የአኝዋክ ልጅ፣ ከእኛ ጋር አማርኛዋ የተቃና።

አንድ ቅዳሜ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ ሊዲያ «ፒ፣ ፒ» እያለች መጣች። ዘውዱ ተነሥቶ ሲያነሣት፣ ፖፖው ሲመጣ፣ ለቅሶው ሲጀመር፣ አቻን ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ቆማ ታየናለች።

«ልጅቷን ለምን ውሃ አትሰጧትም?» አለች።

«ውሃ መቼ ጠየቀች?» አለ ዘውዱ።

«ይኸው ትጠይቃለች እኮ። ፒ በእኛ ቋንቋ ውሃ ነው።» ከዚያ ግራ እንደገባት ሁላችንንም አየችን። «ከእኔ ጋር ከሰዓቱን ሙሉ ነው የምታወራው። የምታውቁ መስሎኝ።»

ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትሳቅ ታልቅስ አይለይም ነበር። እኔ ጋምቤላ ስኖር ፀጉሬ ሸብቷል፤ ፒ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ስለዚህ ከመሬቱ ላይ ዓይኔን አላነሣሁም። ዘውዱ ሮጦ ገብቶ በጣሳ ውሃ አመጣ። ሊዲያ ከፖፖዋ ሳትነሣ በሁለት እጇ ይዛ ግጥም አድርጋ ጠጣችና ጣሳውን መለሰችለት። ከዚያ አባቷን ቀና ብላ እያየች ሌላ ቃል ተናገረች።

ሁላችንም ወደ አቻን ዞርን።