አናጢው ሲፈታ

ጋሮማ፦ «ሲፈታ» በል አልኩህ! አንድ ቃል ናት፤ ሦስት ፊደል። ከዚህ በላይ እንዴት ላቅልልህ?

ልደቱ፦ ደስ አትልማ።

ጋሮማ፦ ምኗ ነው ደስ የማትለው? ሀገር በሙሉ ያለቀሰባት ቦታ እኮ ናት!

ልደቱ፦ አየህ? ታስለቅሳለች። ልጃቸውን ልጠይቅ እየሄድኩ አባትየውን ለምን አስለቅሳቸዋለሁ?

(ሁለቱም የሲግናል ሠፈር ልጆች ናቸው። ሚኒባሱ ዳገቱ ሥር አውርዷቸው ወደ እንጦጦ ማርያም በእግር እየወጡ ነው። ባዶ እጅ አይኬድምና ከሾላ ገበያ የተገዛውን ትልቅ ሀብሀብ ልደቱ ታቅፎታል፤ ጋሮማ የተሸከመው እውቀቱን ብቻ ነው። ልደቱ ጥሩ ልጅ ነው፤ ነገር የሚገባው ግን ሰው ሁሉ ከገባው በኋላ ነው። ዛሬ ደግሞ ፈርቷል። ሃይሚን ሊያገባ ይፈልጋል፤ አባቷ ጋሽ አባይነህ «ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ልጁን ራሱን ልየው» ብለዋል። ሃይሚ የሰጠችው ምክር አንድ ነው፦ «አባዬ ‹የወህኒው አናጢ› የሚባለውን ፊልም ነፍሱ ነው፤ ስለሱ አጫውተው።» ልደቱ ፊልሙን አላየውም። ጋሮማ ግን አይቶታል አይባልም፤ ፊልሙ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ይኖራል።)

ጋሮማ፦ እሺ፣ ከሥሩ እንጀምር። አናጢው በሐሰት ምስክር ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ገባህ?

ልደቱ፦ ገባኝ።

ጋሮማ፦ ምን ገባህ?

ልደቱ፦ አናጢ ነው።

ጋሮማ፦ ጎበዝ! በዚህ ዓይነት እንጦጦ ሳንደርስ ስሙን ታውቀዋለህ። ስማ፣ ወህኒ ቤት ውስጥ በር የሚሠራው እሱ ነው። የሚቆለፍበትን በር ራሱ ሠራው። ይሄ ሲምቦል ነው።

ልደቱ፦ ሲንቦል ምን ዓይነት እንጨት ነው? ከባህር ዛፍ ይጠነክራል?

ጋሮማ፦ (ወደ ሰማይ ቀና ብሎ) ሚዜ ልሆን ነበር የመጣሁት፤ መሠረተ ትምህርት አስጀመርከኝ! ተወው። ሚስቱ ደግሞ በየጠያቂ ቀኑ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ትመጣለች። ዝናብ ሳትል፣ ፀሐይ ሳትል። በሁለት አጥር መሀል ሆነው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ጫጫታ ውስጥ ይጯጯሃሉ። «ጨው በዛ ወይ?» ትለዋለች። «ኧረ ልክ ነው!» ይላታል። ጨው ግን በዝቷል።

ልደቱ፦ (ቆሞ) እኔ ይሄንን ወደድኩት። ይሄንን ልበላቸው።

ጋሮማ፦ አይሆንም! ይሄ የተራ ተመልካች ምርጫ ነው። ጨው በዛ አልበዛ ሲኒማ ነው? አዋቂ የሚመርጠው መጨረሻውን ነው። ስንት ዘመን ተመላልሳ ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ይፈታል።

ልደቱ፦ እንዴ!

ጋሮማ፦ ምነው?

ልደቱ፦ እንዲህ ያለችውን ሚስት ይፈታል?

ጋሮማ፦ ሚስቱን አይደለም! እሱ ነው የሚፈታው!

ልደቱ፦ እሱማ እሱ ነው። ሌላ ሰው የሱን ሚስት እንዴት ይፈታል?

ጋሮማ፦ አንተ ሰው! ጠብቆ ነው የሚነበበው፣ ጠብቆ! ላልቶ ከተነበበ ሚስቱን ይፈታል፤ ጠብቆ ከተነበበ ራሱ ከእስር ይፈታል። ፈ ትጠብቃለች፣ ታም ትጠብቃለች። እስቲ አጥብቅ!

(ልደቱ ሀብሀቡን በሁለት ክንዱ ጥብቅ አድርጎ አቀፈ።)

ጋሮማ፦ ቃሏን ነው ያልኩህ እንጂ ሀብሀቡን አይደለም!

ልደቱ፦ ዳገት ላይ ቃል አይጠብቅም ጋሮማ። ትንፋሼ ራሱ ላልቷል። ግን… እውነቱን ብነግራቸውስ? አላየሁትም ብላቸውስ?

ጋሮማ፦ አበድክ እንዴ! ለዚህ ፊልም አድናቂ «አላየሁትም» ማለት ለቄስ «ክርስትና አልተነሳሁም» እንደ ማለት ነው። ሃይሚን ትፈልጋለህ አትፈልግም?

ልደቱ፦ እንዴት አልፈልግም! እሷን ካጣሁማ ምን ቀረኝ?

ጋሮማ፦ እንግዲያው ካስጠናሁህ ሌላ አንድ ቃል እንዳትጨምር። «ጋሼ፣ እኔ የምወደው ሲፈታ ነው» ትላለህ፤ አንገትህን ትደፋለህ፤ የቀረውን ለባለሙያው ትተዋለህ።

ልደቱ፦ ባለሙያው ማነው?

ጋሮማ፦ (በጣቱ የራሱን ደረት መታ መታ አደረገ።)

(የጋሽ አባይነህ ሳሎን። ከቀትር በፊት ነው፤ የእንጦጦ ብርድ ግን ሰዓት አያይም። ጋሽ አባይነህ ጋቢ ተከናንበው ከቴሌቪዥናቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ጥልፍ ለብሷል። ሃይሚ እንደ ደንቡ ጓዳ ናት፤ ጆሮዋ ግን ሳሎን ነው።)

አባይነህ፦ ኑ ግቡ፣ ኑ። ማንኛችሁ ነው ልደቱ?

ጋሮማ፦ እሱ ነው ጋሼ፣ ሀብሀብ የታቀፈው። እኔ ጓደኛው ነኝ፣ ጋሮማ እባላለሁ። ምናልባት የፊልም ነገር ከተነሳ…

አባይነህ፦ የጤና ነገር ይቅደም ልጄ። ቁጭ በሉ።

(ልደቱ ተቀመጠ። ሀብሀቡን ማስቀመጥ ረስቶ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አቀፈው። ጤናም፣ ዘመድም፣ የሲግናል መንገድም ተጠየቀ። ከዚያ የፈራው መጣ።)

አባይነህ፦ ሃይሚ ስለ «የወህኒው አናጢ» ታጫውተኛለህ ብላለች። እስቲ ንገረኝ፤ አንተ ልብህን የሚነካህ የቱ ጋ ነው?

ልደቱ፦ እኔማ… ጋሼ… የምወደው… ሲፈታ ነው።

(ላላ። ፈም ላላች፣ ታም ላላች።)

አባይነህ፦ ሲፈታ? ማንን?

ልደቱ፦ (ላብ እያጠመቀው) ሚስ… ሚስቱን።

አባይነህ፦ ሚስቱን! ያችን ምሳ ዕቃ ተሸክማ ያረጀችውን? መቼ ነው የፈታት? እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም!

ልደቱ፦ እኔም እኮ መንገድ ላይ ያልኩት ይሄንኑ ነው ጋሼ! እንዲህ ያለች ሴት አትፈታም አልኩ! ይፈታል ያለው ይሄ ጓደኛዬ ነው። እኔ አናጢውን ብሆን እሷን ትቼ አልወጣም። ሃይሚን ከሰጡኝ እኔ… ፈ ትጥበቅ ትላላ አላውቅም ጋሼ፤ እኔ አልፈታም።

(ስለ ፈ የተባለው ለጋሽ አባይነህ አልገባቸውም። ፍሬ ነገሩ ግን ደረሳቸው፤ ፊታቸው በራ።)

አባይነህ፦ ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው! ፊልም ያየ ሁሉ ያወራል፤ ይሄ ግን ነገሩን ወደ ቤቱ ወሰደው።

(እዚህ ላይ ጋሮማ ዝም ቢል ምሳ ይቀርብ ነበር። ነገር ግን ስህተት ሰምቶ ማረም ለጋሮማ እንደ ማስነጠስ ነው፤ መጣሁ ካለ አይመለስም።)

ጋሮማ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ትንሽ እርማት አለኝ።

(ከጓዳ የሃይሚ ሳል ተሰማ።)

ጋሮማ፦ ልጅቷን ብርዱ መትቷታል መሰለኝ። እና ምን ልል ነበር፣ ቃሉ ላልቶ ስለተነገረ ነው እንጂ ጠብቆ ነው የሚነበበው።

(ሳሉ ጠና። የድስት ክዳንም ወደቀ።)

ጋሮማ፦ ሚስቱን አይፈታም ጋሼ። እሱ ራሱ ነው የሚፈታው! መጨረሻ ላይ! ያ ራሱ የሠራው በር ወለል ብሎ ተከፍቶለት!

(ጋሽ አባይነህ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈፉ።)

አባይነህ፦ …ይፈታል?

ጋሮማ፦ አዎ! አሁን እርስዎ በትክክል አጠበቁት!

አባይነህ፦ አናጢው ይወጣል?

ጋሮማ፦ እንዴ ጋሼ፣ ፊልሙን አላዩትም እንዴ?

አባይነህ፦ አይቼዋለሁ። እስከ ይቅርታ ቦርዱ። በየበዓሉ ያሳዩታል። በየበዓሉም ሰብሳቢው ውሳኔውን ሊናገር አፉን ሲከፍት መብራት ይሄዳል። ሲመጣ ዜና ነው።

ጋሮማ፦ በስልክ አያዩትም ታዲያ?

አባይነህ፦ ወህኒው አነሰውና ስልክ ውስጥ ልሰረው? የሠፈሩ ሰው በሙሉ አፉን ይዞልኛል! የንስሐ አባቴ እንኳ መጨረሻውን ያውቁታል፤ አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም። ለመጪው በዓል ባትሪ አስገጥሜ ቀን ስቆጥር፣ አንተ ከሲግናል ድረስ ዳገት ወጥተህ መብራቱን አጠፋህብኝ!

ጋሮማ፦ (ደንግጦ) አይዘኑ ጋሼ፣ መፈታቱ እኮ ምንም ማለት አይደለም! ዋናው ገና ነው። ከወጣ በኋላ መላጊያውን ረስቶ ሲመለስ፣ ዘበኞቹ መግባት ክልክል ነው ብለው…

አባይነህ፦ ዝም በል!

ጋሮማ፦ እሺ። ሚስቱ በር ላይ እንደምትጠብቀው አልነግርዎትም።

(ከጓዳ ሳል አልተሰማም። ሃይሚ ተስፋ ቆርጣለች።)

አባይነህ፦ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» አሉ! አንተ ፊልሙን አጥበህ፣ ጨምቀህ፣ አሰጣኸው! (ወደ ልደቱ ዞረው) አንተስ? ይሄን ሁሉ እያወቅህ ነው ቤቴ የመጣኸው?

(ሃይሚ ከልደቱ እጅ ልታመልጥ ነው፤ ያስጠኑት ነገር አልቋል፤ የቀረው እውነቱ ብቻ ነው።)

ልደቱ፦ እኔ ፊልሙን አላየሁትም ጋሼ።

ጋሮማ፦ (በሹክሹክታ) ገደልከን!

አባይነህ፦ ጨርሶ?

ልደቱ፦ ጨርሶ። አናጢ መሆኑን ነው የማውቀው። ደስ እንዲልዎት ብዬ አስጠናኝ አልኩት፤ አጥፍቻለሁ። ዳገቱን ሁሉ ሲያስረዳኝ ነበር፤ አሁንም ማን ማንን እንደፈታ በቅጡ አልገባኝም።

(ጋሽ አባይነህ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ቁጣቸው ቀስ ብሎ በረደ። ይሄን ፊልም የማያውቅ ሰው ካገኙ ስንት ዘመናቸው! ጎረቤቱ ሁሉ ከሳቸው በላይ ስለሚያውቅ፣ የሚወዱትን ነገር ለማንም አውርተውት አያውቁም።)

አባይነህ፦ እና… ከመጀመሪያው ልንገርህ?

ልደቱ፦ በጣም ደስ ይለኛል ጋሼ።

አባይነህ፦ (ጋቢያቸውን አስተካክለው) ሰውየው አናጢ ነው። የገዛ አማቹ በሐሰት መሰከረበት።

(ጋሮማ ተቁነጠነጠ። በሐሰት የመሰከረው የአናጢው ጎረቤት እንጂ አማቹ አይደለም።)

ጋሮማ፦ ጋሼ፣ እዚህች ጋ አንዲት ትንሽ…

አባይነህ፦ አንተ ሀብሀቡን ተቀበለውና ደጅ ጥላ ሥር አኑረው። ብቻውን እንዳይሆን አብረኸው ቁጭ በል።

(ጋሮማ ሀብሀቡን ታቅፎ ወጣ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የሚባለው ሁሉ ይሰማዋል፤ ማረም ግን አይችልም። ለጋሮማ ከዚህ የከፋ ወህኒ የለም።)

አባይነህ፦ ከዚያ ያንን ግዙፍ በር በመጋዝ ብቻ አለሰለሰው።

ጋሮማ፦ (ከደጅ፣ ለሀብሀቡ) በመላጊያ! በመጋዝ ይለሰልሳል?

ልደቱ፦ በመጋዝ ብቻ! ከዚያስ ጋሼ?

አባይነህ፦ ሚስቱ ምሳ ታመጣለች። «በርበሬ በዛ ወይ?» ትለዋለች።

ጋሮማ፦ (ሀብሀቡን በጥፊ መትቶ) ጨው!

ልደቱ፦ እሱስ ምን አላት?

አባይነህ፦ «ልክ ነው» አላት። በዝቷል እኮ! (ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።) ከዚያ ይቅርታ ቦርድ ፊት ቆመ። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አፉን ከፈተ…

ልደቱ፦ ከዚያስ?

አባይነህ፦ ከዚያማ መብራት ሄደ።

ልደቱ፦ ውይ! ምን ሊለው ይሆን?

(ጋሽ አባይነህ ትክ ብለው አዩት።)

አባይነህ፦ ቅድም ጓደኛህ ሲናገር አልሰማህም እንዴ?

ልደቱ፦ ሰምቻለሁ ጋሼ። እሱ ፈትቶታል። እርስዎ ግን ገና አልፈቱትም። እኔ የያዝኩት የእርስዎን ነው።

(ጋሽ አባይነህ ከልባቸው ሳቁ። ጓዳ ውስጥ ሌላ ሰውም ሳቀ።)

አባይነህ፦ እውነትህን ነው! በኔ በኩል ገና አልወጣም! ለበዓል ትመጣለህ፤ ባትሪው አለ፤ ቁጭ ብለን አብረን እናየዋለን። ሃይሚ! ምሳ አቅርቢ! አንተም እሁድ ሽማግሌዎችህን ላክ።

ልደቱ፦ (ተነስቶ ጉልበታቸውን ለመሳም እየተንደረደረ) እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! ዕድሜ ይስጥልኝ!

ጋሮማ፦ (በበሩ አንገቱን አስግጎ) ጋሼ፣ እሁድ ከሽማግሌዎቹ ጋር እኔም ልምጣ? ንግግር ላይ እኮ እኔ…

አባይነህ፦ አንተማ ቅር። የሠርጉን መጨረሻ ደግሞ እሁድ መጥተህ ልትነግረኝ ነው?