ፖስታውን ማን ይቅደደው?

እኛ ሰፈር ዕቃ ገዝቶ ማሸጊያውን የማይቀድ ሰው ብዙ ነው። ሬዲዮው ከነላስቲኩ ይዘፍናል። የሶፋው ላስቲክ በናዝሬት ሙቀት ከእንግዳ እግር ጋር ይጣበቅና እንግዳው ሊሄድ ሲነሳ ይጮኻል። አትሳቁ፤ እናንተም ቤት ቡፌ ውስጥ ማንም ያልጠጣበት ብርጭቆ አይጠፋም። ድሮ ሰው ማሸጊያ የማይቀደው ዕቃው እንዳያረጅበት ብሎ ይመስለኝ ነበር። መሥሪያ ቤት ከገባሁ ወዲህ ግን ሌላም ምክንያት እንዳለው ገባኝ። የቀደደ ይጠየቃል።

መሥሪያ ቤት ገባሁ ስላችሁ ወንበር ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ስድስተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሼ አንድ የመንግሥት እርሻ ድርጅት ውስጥ፣ እንደ ምጣድ በሚግል የቆርቆሮ መጋዘን ሥር ቲማቲም እየመረጥኩ ሣጥን እሞላ ነበር። ከዚያ ለቢሮው ኮምፒዩተር መጣ። ኮምፒዩተር ሙቀትና አቧራ አይወድም ተባለና ክፍሉ ማቀዝቀዣ ተገጠመለት፤ አቧራ የሚጠርግለት ሰውም ተፈለገ። «ያቺ ዝምተኛዋ ትሁን» ተብሎ እኔ ተመረጥኩ። ዝም ማለቴ የጠቀመኝ ያኔ ብቻ ነው። በሚያዝያ ወር ናዝሬት ውስጥ ሹራብ ለብሶ የሚውል ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ኃላፊዎቹም ኮምፒዩተሩን ይወዱታል፤ ፍቅራቸው ግን የሚብሰው ከቀትር በኋላ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ፊቱን አጥቁሮ፣ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቻ ጽፎ ቀረ። በኮምፒዩተሩ የምትሠራው ወይዘሪት ጽጌ ነች። እሷ እንዳለችው ማሽኑን ከእንቅልፍ የሚያስነሳው ፕሮግራም ጠፍቷል፤ ከዲስኬቱ እንደገና መጫን አለበት። ዲስኬቱ ተፈልጎ መስኮት ላይ ተገኘ፤ ፀሐይ አጥፎት እንደ ደረቀ የሙዝ ልጣጭ ተቆልምሟል። እዚያ ማን እንዳስቀመጠው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ደግነቱ መጠባበቂያ ነበረ። የንብረት ክፍሉ ጋሽ ቶላ ከብረት ቁም ሣጥናቸው እንደታሸገ አንድ ፖስታ አወጡ። ፖስታው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ነበርና ወይዘሪት ጽጌ ተረጎመችላቸው። ይህን ፖስታ የከፈተ ሰው በውሉ እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ፕሮግራሙ በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ይሠራል፤ ለሌላ ማስተላለፍ ክልክል ነው።

«ውሉስ የታለ?» አሉ ጋሽ ቶላ።

«ውስጥ ነው።»

«ለማንበብ መጀመሪያ ልስማማ?»

«እንደዚያ ነው የሚለው፣ ጋሽ ቶላ።»

ጋሽ ቶላ ፖስታውን እንደሚያቃጥል ነገር ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እዚያው ኮምፒዩተሩ ክፍል ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ተሾመ ከባሕር ማዶ ከበርቴ ጋር ውል የሚገባው የበላይ አካል ነው አሉ። ሥራ አስኪያጁ ጉዳዩ የንብረት ክፍል ነው አሉ። ጋሽ ቶላ ደግሞ የእኔ ሥራ መጠበቅ እንጂ መክፈት አይደለም አሉና ሌላ ጣጣ ጨመሩ። ውሉ ለአንድ ማሽን ነው፤ የዚህ ማሽን ሆድ ዕቃ ግን አምና ከአዲስ አበባ በመጣ ባለሙያ ተቀይሯል። ታዲያ ይሄ የድሮው ነው ወይስ ሁለተኛ? ወይዘሪት ጽጌ ታሞ የዳነ ሰው ሌላ ሰው ይባላል ወይ ብላ ብትከራከርም የሚሰማት አላገኘች።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሳልታዘብ አልቀረሁም። እኛ ስብሰባ ላይ እጃችንን የምናወጣው ሁሉን አንብበን ነው? እኔ ራሴ በቀበሌያችን የወጣቶች ማኅበር ስንቱን ደግፌአለሁ። ግን እጅ ሲወጣ ከብዙ እጅ ጋር ነው። ፖስታ ሲቀደድ ጣቱ የአንድ ሰው ነው።

በመጨረሻ ኮምፒዩተሩ ማታ በሚወጣው የቲማቲም መኪና ተጭኖ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሂድ ተባለ። ወደ አዲስ አበባ የወጣ ዕቃ እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል። ማቀዝቀዣውም ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይዛወራል። እኔም ወደ ቆርቆሮው። ጥግ ላይ ቆሜ መስኮት ስወለውል የነበረው እጄ ቀጥ አለ።

ጋሽ ቶላ ያን ጊዜ አዩኝ።

«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ የቀበሌ መታወቂያ አለሽ?»

«የለኝም።»

«አያችሁ፣ ዕድሜዋ አልደረሰም። ይቺን ውል አይዛትም።»

ያን ሁሉ ኃላፊ አንድ ላይ ሲተነፍስ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ጓድ ተሾመ ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። ፖስታው በጠረጴዛው ላይ እየተንሸራተተ እኔ ፊት መጣ። ያን ያህል ዓይን አንዴ አርፎብኝ አያውቅም፤ ፊቴ ስመርጠው የነበረውን ቲማቲም መስሏል። ዝም ብዬ ብቀደው ያልቅ ነበር። ግን ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከአፌ ወጣ።

«ውስጡ ምን ይላል?»

ኃላፊዎቹ ወደ ወይዘሪት ጽጌ ዞሩ። እሷም፣ «ስትከፍቺው እናነበዋለን፣ የኔ እናት» አለችኝ። ሹራቤን አሰብኩና ፖስታውን ቀደድኩት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮምፒዩተሩ ተነሳ። የቲማቲሙም መኪና ቲማቲሙን ብቻ ይዞ ሄደ። ኃላፊዎቹ በትክክል መሥራቱን ለማረጋገጥ ገብተው ሥራ መውጫ ሰዓት እስኪያልፍ ሲያረጋግጡ ቆዩ።

ውሉ? ወይዘሪት ጽጌ ገና የመጀመሪያውን ገጽ ስትገልጥ ጋሽ ቶላ ንብረት ነው ብለው ተቀበሏት። አዲስ ፖስታ ውስጥ ከተው፣ በሙጫ አሽገው፣ ማኅተም መቱበትና በትልቁ «ያለ ፈቃድ መክፈት ክልክል ነው» ብለው ጻፉበት። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ቆለፉ።

በቀደም ጠረጴዛቸውን ስወለውል ድፍረት አገኘሁና የተስማማሁበትን ነገር አንድ ጊዜ ባየው ምን ይመስላቸዋል ብዬ ጠየቅኳቸው። ጋሽ ቶላ ከልባቸው አዘኑልኝ።

«አንቺማ ተስማምተሻል፤ ከእንግዲህ ማንበቡ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ።

ሹራቤን ቆልፌ ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል ገባሁ። ውጭ ናዝሬት ትፋጃለች።