ሁለት ጊዜ የገባ ጨው

ሰሞኑን አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ይዣለሁ። ከካሳራኒ መሃል ከተማ እስክደርስ፣ እዚህ አገር ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ሌላ ምን ይሠራል? ባልና ሚስት አብረው ሲያረጁ ነው፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ደራሲው ሽማግሌውንና አሮጊቷን ሐይቅ ዳር ያስቀምጥና ስለ ፍቅር ያናግራቸዋል፤ ንግግሩ ደግሞ አያልቅም። እኔ የማውቃቸው ሽማግሌና አሮጊት እንዲህ አያወሩም። ለመሆኑ ሐይቁስ ምን ያደርጋል? ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ከሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ማድቤት ትበቃ የለ?

ጋሽ ደምሴንና እትዬ ዘነቡን ማለቴ ነው። በርበሬና ሽሮ ይሸጣሉ። ሱቁ ከታች፣ ቤቱ ከላይ ነው። እኔ በርበሬ ልገዛ ገብቼ ምሳ ሳልበላ ወጥቼ አላውቅም። ልጃቸው ማርታ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ላቪንግተን፣ ሰፊ ቤት አላት፤ እኔ ጋ ግቡ ብላ መለመን ከጀመረች ቆይታለች። እትዬ ዘነቡ ግን አይሆንም ትላለች። እዚያ ወጥ የምትሠራው ሠራተኛዋ ናት። «እኔ ሄጄ ሶፋ ላይ ልጎለት?» አለችኝ አንድ ቀን። ዕድሜ ልኳን ባሏን በእጇ ስታበላ የኖረች ሴት ናት፤ ያን ቢቀሟት ምን ይቀራታል?

ታዲያ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ጋሽ ደምሴ ሱቅ ውስጥ እጄን ስቦ አስቀመጠኝና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዘነቡ እየረሳች ነው አለኝ። ምን? ጨው። ከገና ወዲህ የምትሠራው ሁሉ ጨው የሚባል የለውም። እሱ ምን ዘዴ ፈጠረ መሰላችሁ? ምሳ ሲደርስ ቀደም ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። እሷ ዞር ስትል ድስቱን ይከፍትና ጨው ጨምሮ ያማስላል፤ ከዚያ ምንም እንዳልሠራ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ብነግራት ትደነግጣለች አለኝ፤ ማርታ ከሰማች ደግሞ አለቀ፣ ላቪንግተን መግባታችን ነው። በዚያ ዕድሜው በካልሲ እየተሹለከለከ ድስት የሚከፍት ሽማግሌ ሊያስቀኝ ይገባ ነበር። ግን ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ገባሁለት።

ፋሲካ ደረሰ። የፋሲካ ዶሮ ወጥ እንዴት እንደሚሠራ መቼም ታውቃላችሁ። ሠሪዋ ጾም ላይ ስለሆነች አትቀምሰውም። ቅቤው ይገባል፣ በርበሬው ይገባል፣ ጨውም በግምት ይገባል፤ ማለፊያ ይሁን አይሁን የሚታወቀው ጾሙ ሲፈታ ነው። እትዬ ዘነቡ ቅዳሜ ዕለት ሠርታ ከደነችው። ለእንግዳ ነውና ጨው አልረሳችም። ጋሽ ደምሴ ደግሞ እንደ ልማዱ ዞር እስክትል ጠብቆ ከፈተው። እሱም ጾመኛ ነው፣ አይቀምስም። እሱም ጨመረበት። ከቅዳሴ ሲመለሱ ተልባ ጠጥተው ተኙ፤ ዶሮው እኔንና ማርታን ይጠብቃል።

እሑድ ምሳ ላይ ማርታ አንድ ጎረሰችና ውሃ ፈለገች። «ማሚ፣ ሶልቱ ቱ ማች ነው እኮ! አር ዩ ኦኬ?»

እኔ የጎረስኩትን መዋጥ አቃተኝ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ የሚበላ አልነበረም። ጋሽ ደምሴ ግን ጭልፋውን አንስቶ ለራሱ ደገመ። «ለእኔ ልኬ ነው! እናንተ የላቪንግተን ሰዎች ምላሳችሁ ሞቷል» አለና ግንባሩን ላብ ችፍ እስኪለው ይጎርስ ጀመር። ማርታ ሳቀች። እትዬ ዘነቡ ቀመሰችው፤ ባሏን አየችው፤ ከዚያ «በቃህ!» ብላ ወጡን ከፊቱ አነሳችው። ማድቤት ተከትያት ገባሁ።

«ጨው የሚጨምረው እሱ ነው?» አለችኝ። ፊቴ አጋልጦኝ መሆን አለበት። ቃሌን አፍርሼ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ምን ላድርግ?

ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ለካ እሷም ጨው ያላደረገችበት ወጥ ጨው ጨው ሲላት፣ ጨምሬ ረስቼ ነው እያለች፣ አእምሮዬ ሊከዳኝ ነው እያለች ስትፈራ ከርማለች። «እኔ አልረሳሁም! ደህና ነኝ!» አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ላቅፋት ምንም አልቀረኝ።

ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ነበር የማትጨምሪው? አልኳት።

ደም ግፊቱ ነዋ፣ አለች። ከገና በኋላ ሐኪሙ ጨው ይቅርበት ብሏል። አብረው ነው የሄዱት። ሲመለሱ ማታቱ ውስጥ «ከዛሬ ጀምሮ ያለ ጨው ነው የምንበላው» ያለው እሱ ራሱ ነው። ጎበዝ ነው፣ እንደ ቃሉ ሳያጉረመርም ይበላል እያለች በልቧ ስታመሰግነው ነበር። ይህን ስታወራኝ ፈገግታው ገና ከፊቷ አልጠፋም። ከዚያ ቆም አለች። እኔም ገባኝ። ጋሽ ደምሴ ሳሎን ውስጥ ማርታን ሲያስቃት ይሰማናል። እትዬ ዘነቡ ነጠላዋን ከአፏ ወደ ዓይኗ አወጣች። ለካ የሚረሳው እሱ ነው፤ በጣም አዘንኩ።

ግን ቁጭ ብላ የምታለቅስ ሴት አይደለችም። በሳምንቱ፣ እየረሳሁ ነውና ሐኪም ቤት አድርሰኝ አለችው። ሊያስመረምራት እጇን ይዞ ገባ፤ የተመረመረው እሱ ነው። ሐኪሙ ምን እንዳለ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። አሁን ምሳ ሲደርስ ከላይ ሆና ትጣራለች፤ «ደምሴ፣ ጨው ረሳሁ መሰለኝ፣ ና እስቲ!» ይህን ሲሰማ ጎረቤቶቹ በአገሩ ቋንቋ ሙዜ፣ አባባ፣ የሚሉት ሽማግሌ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ይወጣዋል። ጨው ዕቃው ውስጥ ያለችው ማንኪያ የሕፃን ሽሮፕ መስጫ ናት። ትልቁን ደብቃዋለች።

ልብ ወለዱን አልጨረስኩትም። የዚያኛው ሽማግሌ ንግግር ገና አላለቀም። ባለፈው እሑድ ግን ኢስትሊ ምሳ በላሁ። ወጡ ጨው የለውም። ጋሽ ደምሴ ጠጋ አለኝና፣ ገና አሁን እንደሚነግረኝ ሁሉ፣ አደራ ለማንም እንዳትናገር፣ ዘነቡ እየረሳች ነው አለኝ።

«ወጡ እንዴት ነው?» አለች እትዬ ዘነቡ።

«ልኩ ነው» አልኳት። ጋሽ ደምሴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አድርጎ አመሰገነኝ።