የክብር አድማጩ

ትናንት ከምሳ በኋላ ዶርም ገብቼ ጋደም እንዳልኩ እንዲህ ያለ ሕልም አየሁ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ሚናስ እባላለሁ። የዩኒቨርሲቲያችን የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ክበብ እንግዳ ጋባዥ ነኝ። ሥራዬ ትልልቅ ሰዎች ጋ እየደወልኩ «መጥተው ንግግር ያድርጉልን» ማለት ነው። እነሱ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይሉኛል፤ እኔ «እሺ ጌታዬ» ብዬ እዘጋለሁ። የክበባችን ሊቀመንበር ፌቨን ደግሞ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆማ ማይክራፎን ትሞክራለች።

በሕልሜ ወደዚያው አዳራሽ ስሄድ በሩ ላይ ሰልፍ አየሁ። ሰልፉ ቤተ መጻሕፍቱን ዞሮ ካፌው ጋ ይደርሳል። ቀረብ ብዬ ሳይ ተማሪ የሚባል አንድም የለበትም። ሁሉም ከረባት ያሰሩ የባንክ ሥራ አስኪያጆች፣ ዶክተሮች፣ የቦርድ ሰብሳቢዎች ናቸው። ፀሐዩ አናታቸውን ይጠብሳቸዋል። የግቢው ጥበቃ ዱላውን እያወዛወዘ ይቆጣቸዋል።

«አንተ ወፍራሙ! ሰልፍ አታበላሽ!»

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ ስለ ዋጋ ንረት አጭር ንግግር ብቻ ነው ያለኝ» ብሎ ለመነው ወፍራሙ ሰውዬ።

«ተናጋሪ ሞልቷል ተባልክ! አድማጭ ይዞ የመጣ ብቻ ይግባ!»

በዚህ መሀል አንዱ ዞር ሲል አየኝ። ፊቴን ሳይሆን ጆሮዬን ነው ያየው። «አድማጭ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ሰልፉ ፈረሰና ከበቡኝ። አንዱ «ቦርሳዎን ልያዝልዎት» ይላል፣ አንዱ ጃኬቴን ይጎትታል። አንድ ሽበታም ፕሮፌሰር ጉልበቴ ላይ ሊወድቁ ደረሱ።

«እባክዎ ጌታዬ፣ አምስት ደቂቃ ይስሙኝ! የልጆች አባት ነኝ!»

«ስብሰባ ላይ ነኝ» አልኳቸው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስካሁን አልገባኝም። እሳቸው ግን «እሺ ጌታዬ» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

ወዲያው ራሴን መድረክ ላይ አገኘሁት። ለስላሳ ወንበር፣ አበባ፣ የታሸገ ውሃ ቀርቦልኛል። አዳራሹ በተናጋሪዎች ጢም ብሏል። ሁሉም ወረቀታቸውን እንደያዙ እኔን ያዩኛል። ፌቨን ማይክራፎኑን ገልብጣ ይዛ አስተዋወቀችኝ።

«የዛሬው የክብር አድማጫችን አቶ ሚናስ ይባላሉ። በሦስት ዓመት የግቢ ቆይታቸው አንድም ጥያቄ ጠይቀው አያውቁም!»

ጭብጨባው ጣሪያውን አናወጠው። ደስ ይበለኝ ወይ ልፈር ግራ ገባኝ።

ከዚያ የመጀመሪያው ተናጋሪ ተጠራ። በሩ ተከፈተና ካፖርት የለበሰ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት ገባ። ሁሉም ተነሥቶ ተቀበለው። እኔም ተነሣሁ። ሽንኩርቱ ካፖርቱን አወለቀ፤ ከሥሩ ሌላ ካፖርት ነበረ። እሱንም አወለቀ፤ አሁንም ሌላ። ማውለቁን አልጨርስ አለ። አላስቻለኝም።

«ይቅርታ፣ እንዲህ የተወደዱት ለምንድን ነው?» አልኩት።

«እውነት ተወድጃለሁ?» አለኝ በቀጭን ድምፅ።

«ኧረ በጣም! ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ እርስዎ ነው።»

«ታዲያ የሚወደኝ ሰው ሁሉ ለምንድን ነው ቢላ ይዞ የሚመጣው?»

ይህን ሲል አዳራሹ በሙሉ ማልቀስ ጀመረ። የባንክ ሥራ አስኪያጆቹ በከረባታቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እኔም አለቀስኩ። ግን አዝኜ ይሁን ሽንኩርቱ ስለቀረበኝ ብቻ፣ መለየት አልቻልኩም።

ድንገት ከኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ ጣቱን ቀሰረብኝ።

«ቆይ! አድማጩ ተናገረ እኮ!»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሁሉም ወደ ፌቨን ዞረ። ፌቨን ፊቷ ገርጥቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ሚኑ፣ ምነው? የጠየቀ ተማሪ እንደሚመረቅ አታውቅም?»

«ይመረቅ? መመረቅ ጥሩ አይደል እንዴ?»

«ዝም በል፤ ይሰሙሃል!»

እጅጌዋን ይዤ ለመንኳት። እንድታስጥለኝ ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀችና «ምን ላድርግ፣ ሕግ ነው» አለችኝ። ሁለት ጥበቃዎች ጥቁሩን ጋውን በግድ ገልብጠው አለበሱኝ። ቆቡን እስከ አፍንጫዬ ደፉብኝና እየገፈተሩ አስወጡኝ።

ውጭ ድንኳን ተተክሏል። እናቴ መሀሉ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትደቃለች።

«ልጄን! አንድ ልጄን አስመረቁብኝ!»

የሰፈራችን ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋታል። «እግዜር ያጥናሽ» ይሏታል። «የእኔም ልጅ አምና በማዕረግ ተመርቆ ነው ያጣሁት» አለች አንዷ። «እማዬ፣ አለሁ እኮ!» ብዬ ተጣራሁ። ቀና ብላ ጋውኑን ስታይ ጭራሽ ባሰባት።

ወደ እሷ ልሮጥ ስል አውቶቡስ ኋላ ኋላውን እየሄደ መጥቶ አፈሰኝ። ሾፌሩ በመስኮት ያለፍነውን መንገድ እያየ ይነዳል። ያወረደኝ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ፊት ነው። የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ፣ ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«እንኳን ደህና መጡ! ልምድ አለዎት?»

«የለኝም» አልኩ እየፈራሁ።

«ጎሽ! ስንት ዓመት የለዎትም?»

«እ... አምስት ዓመት ያህል የለኝም።»

ሴትዮዋ ቅር አላቸው። «እኛ እንኳ የፈለግነው ቢያንስ ዐሥር ዓመት የሌለው ነበር። ለመሆኑ የማያውቁት ሙያ አለ?»

«አለ! ብዙ አለ!» አልኩ። የማላውቀውን ሁሉ ልዘረዝር አፌን ከፈትኩ። አንድም ሊመጣልኝ አልቻለም። ምን እንደማላውቅ እንኳ አላውቅም። ሴትዮዋ በሩን ቀስ ብለው ሲዘጉት ደወል ይጮኽ ጀመር። ጮኸ፣ ጮኸ፣ አላቆም አለ።

ስልኬ ነበር። ነቃሁ። ላብ አጥምቆኛል። የደወለችው ፌቨን ናት።

«የት ነህ አንተ? አቶ ውብሸት መጥተዋል እኮ!»

አቶ ውብሸት ለዚያ ቀን ያገኘኋቸው እንግዳ ናቸው። ተመርቆ ሥራ ስለማግኘት ሊያስተምሩን ነበር። በስድስት ወር ውስጥ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ያላሉኝ ብቸኛው ሰው እሳቸው ናቸው።

«ፕሮግራሙ ዐሥር ሰዓት አይደል እንዴ? ምነው እንዲህ ቀደሙ?»

«ከሥራ ቀንሰዋቸዋል» አለች ፌቨን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በሩ ላይ ቆመው ለሚገባው ተማሪ ሁሉ የትምህርት ማስረጃቸውን ኮፒ እያደሉ ነው። አባቱ ድርጅት ያለው ልጅ ካለ አገናኙኝ እያሉኝ ነው። ሚኑ፣ ምን ልበላቸው?»