ሦስት ሳህን የጥይት ፍሬ

የዚያ ዓመት የሜልቦርን ክረምት ቶሎ ነው የገባው። ገና ጰራቅሊጦስ ሳይደርስ ሜድስቶን ያለው ቤታችን ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ያልበው ነበር። ከሆስፒታል ወጥቼ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እውላለሁ። ምግብ እንጨት እንጨት ይለኛል። ልጄ ኑሀሚን ሳህኑን ሞልታ ወደ ሥራ ትሄዳለች፤ ስትመለስ እንደሞላ ታገኘዋለች።

መቼም ሐበሻ ባለበት ሰፈር ሁሉ አንድ አወዳዳሪ አይጠፋም። ገበያ ብትወጡ ቀድሟችሁ ደርሶ የሁለት ሻጭ ሽንኩርት በሁለት እጁ ይመዝናል። ትራሙ ሲመጣ «ቆይ፣ አውቶቡሱስ?» ይላል፤ ሁለቱም ያመልጡታል። የእኛው ክቡር አወዳዳሪ ሰብሐት ይባላል፤ ዲር ፓርክ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ ይነዳል። ፍሪጅ ሊገዛ ሲያወዳድር በጋውን ሙሉ ወተቱን እኛ ቤት ነው ያስቀመጠው። «እስቲ እናወዳድረው» ሳይል ውሃ አይጠጣም።

ሊጠይቀኝ መጥቶ «እትዬ ሙሉወርቅ፣ ምን ያምርዎታል?» አለኝ። ዝም ላለማለት ያህል «አባቴ ያድነው የነበረ ጅግራ» አልኩት። ክንፉን ይዞ ከደጅ ሲጠራን ድምፁ ዛሬም ይሰማኛል። እንዲያው ለጨዋታ ነበር ያልኩት። ሰብሐት ግን ጨዋታ አያውቅም።

የሥራ ባልደረባው ግሌን በየሰኔው ወደ አንዲት ደሴት እየሄደ ተርኪ የሚሉትን ትልቁን የዶሮ ዘመድ ያድናል፤ ከእርባታ አምልጦ ዱር የገባ ተርኪ። ሰብሐትም የአደን ፈቃድ ካወጣ ቆይቷል፤ ጠመንጃ ሲያወዳድር ከረመ እንጂ ወፍ ላይ ተኩሶ አያውቅም። በአንዱ ቅዳሜ መጥቶ ሦስት ትንንሽ ሳህን አስመጣና ከጥይት ቀፎ የወጡ ፍሬዎች ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረ።

«ይኼ እርሳስ ነው፤ ከባድና ለስላሳ። ይኼ ብረት፤ ቀላል ነው፣ ራቅ ሲል ጉልበቱ ያልቃል። ይኼኛው ተንግስተን፤ ሰናፍጭ ያክላል እንጂ ከእርሳስ ይከብዳል፣ ወፉን በስቶ ያልፋል።»

«ቶሎ የሚገድለውን ያዝና ሂድ» አለችው ኑሀሚን ዩኒፎርሟን እየለበሰች።

«እሱማ አይሆንም። ሳይባረክ ከሞተ ማን ይበላዋል? ነፍሱ ሳትወጣ ደርሼ በስመ አብ ብዬ ማረድ አለብኝ። ደግሞ የእትዬ ጥርስ አለ።»

«ጥርሴ ምን አገባው?» አልኩ።

«ብረት ሥጋው ውስጥ ከቀረ ያለችዎትን ይሰብርብዎታል። እርሳስ ግን ራሱ ነው የሚጨፈለቀው።»

«ሱፐርማርኬት ሙሉ ተርኪ አለልህ» አለች ልጄ።

«እሱ ዱር አላየም። አይወዳደርም።»

በሩ ሲዘጋ ኑሀሚን «እማዬ፣ ይኼ ሰው ሲያወዳድር የሐዋርያት ጾም ይገባል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጾሙ ቀርቦ ነበር። እኔ ግን ስለዚያ ወፍ ሳስብ ምራቄ መጣ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሰብሐት ከደሴቲቱ ተመልሶ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ የበረዶ ሳጥን ታቅፎ መጣ።

«ባረክኸው?» አልኩት፣ ሰላምታም ሳላስቀድም።

«ባረክሁት። ስደርስ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየኝ ነበር። ቢላዋውን ጭቃ ላይ ወድቄ ነው ያወጣሁት።»

«በየትኛው መታኸው ታዲያ?»

ሰብሐት ሳጥኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። 

«ወፉ ድንገት ብቅ ሲል ለማወዳደር ጊዜ አልሰጠኝም። ጥይቱን ሁሉ አንድ ኪስ ውስጥ ነበር የያዝኩት። የመጣልኝን አጎረስኩ።»

ኑሀሚን እስክታነባ ሳቀች፤ ከዚያ አልጫ አድርጋ ሠራችው። ሥጋው ጠንከር ያለ ነው፤ ሣር ሣር፣ ዱር ዱር ይላል። ጎረስኩ። ደገምኩ። ስደጋግም አንድ ነገር ጥርሴ ላይ ቀጭ አለ። ሰብሐት ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ልጄም እጇ ወጡ ላይ ቀረ።

በጣቴ አውጥቼ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። ጎኑ ተጠፍጥፏል። ጥርሴን በምላሴ ዳበስኩት፤ ቦታው ላይ ነው።

«እርሳስ ነው» አልኩት።

ወደ መስኮቱ ይዞት ሄዶ አገላብጦ አየውና ተመልሶ ተቀመጠ። ቆይቶ፣ እንደ ማፈር ብሎ፣ «ከአባትዎ ጅግራስ?» አለኝ።

«ጨምርልኝና እስቲ እናወዳድረው» አልኩት።

ሰብሐት በኋላ ባላራት የምትባል ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። በመጨረሻ እንደሰማሁት አሁንም እዚያው ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ሁለት ቤት እያወዳደረ ይኖራል።