ኔትወርክ ፍለጋ ጀበል መውጣት

ሰው ተራራ የሚወጣው ለምን ይመስላችኋል? ለጤና የሚወጡ አሉ አሉ። ፎቶ ለመነሳት ብቻ የሚወጡም አሉ። ወይ ጥጋብ! እኛ የሰሊጥ አራሞች ግን የምንወጣው ስልክ ለመደወል ነው።

የምናርመው ሱዳን ነው፤ ከዶካ ወደ ገላባት ስትሄዱ፣ ድንበሩ ሲቃረብ፣ ከሜዳው መሀል ብቻውን ብድግ ያለ ድንጋያም ተራራ አለ። ሱዳኖቹ ጀበል ይሉታል፣ እኛም ለምደነዋል። የሱዳኑ ኔትወርክ ከጦርነቱ ወዲህ እንዳሻው ነው። ጫፉ ላይ ከወጣችሁ ግን የመተማው ይይዛል። የአገር ቤት ሲም ካርድ ትከታላችሁ፣ ስልኩን ወደ ፀሐይ መውጫ ትዘረጋላችሁ፣ የቀረው ጸሎት ነው።

አብሮኝ የሚያርመው ገብያው፣ የጭልጋ ልጅ፣ ያን ክረምት እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ለሚወዳት ልጅ ቤተሰቦች አባቱ ሽማግሌ ልከውለት፣ እሺ ይበሉ እምቢ ይበሉ አልሰማም። ጭንቀቱ ሲብስ አረሙን ትቶ ሰሊጡን ይነቅል ጀመር። እሁድ ሲደርስ፣ ሥራ የለምና፣ ይዤው ወጣሁ።

ዝናብ ያጠበው ድንጋይ ያንሸራትታል። እየዳኽን ደረስን። ምን ልበላችሁ! ከታች ሰሊጡ ማበብ ጀምሮ፣ ደመናው ጥላውን በላዩ እየጎተተ ያልፋል። በምሥራቅ የአገራችን ተራሮች ሰማያዊ ሆነው ከሰማዩ ጋር ተቀላቅለዋል። በእውኔ ይሁን በሕልሜ አላውቅም፤ ሆዴ ባባ።

ስልኩ ያዘ! አባቱ አነሱ። የገጠር አባት ስልክ ላይ እንዴት እንደሚጮህ ታውቃላችሁ፤ እኔም ሁሉን እሰማለሁ። ግን አባቱን "ልጅቱስ?" ብሎ ይጠይቅ? ነውር አይደል! መጀመሪያ ሰላምታ። ጤናህስ? እግዚአብሔር ይመስገን። ዝናቡስ? ይመስገን። በሬው ደህና ነው፣ ጥጃዋ ደህና ናት፣ የኔታ ደህና ናቸው፣ አማቶችህ ደህና ናቸው፣ አጎትህም ጉልበቱ ተሽሎታል። ገብያው በየመሀሉ "ይመስገን፣ ይመስገን" ይላል። እኔ ዓይኔ ባትሪው ላይ ነው። "ቶሎ በል እንጂ!" እያልሁ እቆነጥጠዋለሁ። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገ። "አባየ፣ ያ... ያ ነገርስ?" ከማለቱ ስልኩ ድርግም አለ።

ስንወርድ ገብያው እንባው ቀርቦ ነበር። እኔ ደግሞ ያ ሰማያዊ ተራራ ዓይኔ ላይ ቀርቶ፣ የአባቱን ድምፅ በልቤ እደግማለሁ። በሬው ደህና ነው... ጥጃዋ... የኔታ... ቀጥ ብዬ ቆምሁ።

"ገብያው፣ አንተ አማት አለህ እንዴ?"

"ከየት አመጣለሁ!" አለኝ ተናዶ።

"ታዲያ አባትህ ደህና ናቸው ያሉህ የማንን አማቶች ነው?"

"በሬው፣ ጥጃዋ፣ የኔታ..." ብሎ በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ጮኸ፣ አቀፈኝ፣ ድንጋዩን ሳመ፣ ተመልሶ ሽቅብ ሮጠ። ባትሪ የለህም እኮ ስለው፣ አገሯን ላያት ነው አለኝ። ይሁና፣ ደስ ብሎታል።

እኔ ድንጋዩ ላይ ጋደም ብዬ፣ ደመናውን እያየሁ ጠበቅሁት። እያየሁም ድንገት ደነገጥሁ። እናቴ ስታናግረኝ እኔም እኮ "ይመስገን፣ ይመስገን" እያልሁ ነው የማልፋት! ይኼን ሁሉ ዘመን ከበጉና ከዶሮው መሀል ምን ምን ነግራኝ ይሆን? ማን ያውቃል፣ እኔም አግብቼ ይሆናል።